በተንሸራታች ሳንቃ ላይ ስለ መታጠፍ፤ ከማዕበል እስከ ኮልፌ ቁልቁለት

መግቢያ

አዲስ አበባ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ መሆንዋ ለሁሉ የታወቀ ነው። በሰሜን ያለው እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ግድም ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው ዕለት ዕለት ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ከዋናው አስፋልት ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝና ወደ ገባሮቹ የሚያወርዱት የመንደር መንገዶች አብዛኛዎቹ ቁልቁለት ናቸው። ቁልቁለት ባለበት ደግሞ፥ መንኰራኵር ያገኘ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በእነዚህ መንደሮች ከትምህርት ቤት መልስ የሚያልፍ ሰው ሦስት ዓይነት ተንሸራታቾች ሊያይ ይችላል። አንደኛው ከአሮጌ መኪና በወጣ ኩሽኔታና በቁራጭ ጣውላ የተሠራው የልጆች ጋሪ ነው። ሁለተኛው በእግር የሚጠለቀው ሮለር ስኬት ነው። ሦስተኛው፥ በቁጥር ከሁለቱ ያነሰ ቢሆንም እየተለመደ የመጣው፥ ስኬትቦርድ የሚባለው ባለ አራት መንኰራኵር ሳንቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው ሕግ ሦስቱንም ይገዛል።

በሳንቃ ላይ ቁልቁል መውረድ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የመሬት ስበት ያለ አስተማሪ ይሠራዋል። ችግሩ ያለው በመታጠፍ ላይ ነው። ሳንቃው ፍሬን የለውም፤ መሪም የለውም። በቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ሚኒባስ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ ክዳኑ የወለቀ የጎርፍ መውረጃ አለ። ስለዚህ ለኮልፌ ልጅ መታጠፍ ማለት እንደ ሌላ አገር የውድድር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑም መሪውም እሱ ነው። መታጠፍ የቻለ ይቆማል፤ ያልቻለ የሚያቆመውን ነገር በግርጌው ያገኘዋል።

ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነውና ለምርምር መጽሔት አይመጥንም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጨዋታው እኛ ብንጽፍበትም ባንጽፍበትም አይቀርም። የሚቀረው ጉዳይ፥ ልጁ በዕድል ይውረድ ወይስ በዕውቀት ይውረድ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም፥ መታጠፍ በተፈጥሮ የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን፥ በሜትር ሊለካና ደረጃ በደረጃ ሊለመድ የሚችል ሥራ መሆኑ ነው።

ከማዕበል ወደ አስፋልት

በሳንቃ ላይ ቆሞ የመንሸራተት ጥበብ የተወለደው በባሕር ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝቦች፥ ይልቁንም የሃዋይ ሰዎች፥ ወደ ዳርቻ በሚመጣ ማዕበል ላይ በሳንቃ መንሸራተትን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በካፕቴን ኩክ የመጨረሻ ጉዞ ላይ የነበረው ሹም ጄምስ ኪንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1779 ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

የጥንቱ ሳንቃ ከባድና ከታቹ ልሙጥ ነበረ። በቀጥታ ይሮጣል እንጂ በቀላሉ አይታጠፍም፤ ነጂውም ለመታጠፍ እግሩን ወደ ውኃው ይነክር ነበር። በ1935 አሜሪካዊው ቶም ብሌክ ከሳንቃው ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ቀጥ ያለ ቁራጭ ተከለበት። ክንፉ ውኃውን ስለሚይዝ፥ የሳንቃው ኋላ ወደ ጎን መንሸራተቱን ተወ። በ1980ዎቹ መባቻ ደግሞ አውስትራልያዊው ሳይመን አንደርሰን ባለ ሦስት ክንፍ ሳንቃ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በማዕበል ላይ የሚደረገው መታጠፍ እጅግ የጠበበና ፈጣን ሆነ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መታጠፍ ያደገው ሰው ስለ ደፈረ ብቻ አይደለም፤ ሳንቃው ከሥሩ ያለውን ነገር አጥብቆ መያዝ ስለ ቻለ ነው።

ይኸው ታሪክ በየብስ ላይ ተደግሟል። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የካሊፎርንያ ወጣቶች የሮለር ስኬት መንኰራኵር ከጣውላ ሥር በምስማር እየመቱ፥ ማዕበል በሌለበት ቀን በመንገድ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። መንኰራኵሩ በመጀመሪያ ብረት፥ በኋላም ከሸክላ ጋር የተቀየጠ ነገር ነበር። ሁለቱም መንገዱን አይዙም፤ አንዲት ጠጠር ብቻ ሳንቃውን ቀጥ አድርጋ ሰውዬውን ትወረውረው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት ዩሪቴን ከሚባለው ለስላሳና ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መንኰራኵር ለገበያ አቀረበ። ይህ ለየብሱ ሳንቃ ክንፉ ለባሕሩ ሳንቃ የሆነውን ሆነለት። በ1975 በካሊፎርንያ በዴል ማር በተደረገው ውድድር የዜፊር ቡድን ወጣቶች ጉልበታቸውን አጥፈው፥ እጃቸውን መሬት እያስነኩ፥ የሃዋዩን የማዕበል ነጂ የላሪ በርትልማንን አስተጣጠፍ በሲሚንቶ ላይ ሲያሳዩ ተመልካቹ ተደነቀ። ማዕበሉና አስፋልቱ የአንድ ጥበብ ሁለት ልጆች መሆናቸው በዚያን ጊዜ በግልጽ ታየ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው መግባታቸው ዝምድናቸውን ያረጋግጣል።

አገራችን ከ1985 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሳንቃው ግን በየብስ በኩል ደርሶልናል። በ2008 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የወጣቶች ስብስብና ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለው የውጭ አገር ድርጅት ከፈቃደኛ ሠራተኞች ጋር ሆነው ለስኬትቦርድ የሚሆን የሲሚንቶ ሜዳ ሠርተው ከፍተዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ሜዳ ለእንዲህ ያለች ሰፊ ከተማ አይበቃምና፥ አብዛኛው ልጅ የሚነዳው ከቤቱ ደጅ ባለው መንገድ ላይ ነው።

የመታጠፍ ሕግ

ማናቸውም የሚጓዝ ነገር በቀጥታ መሄድ ይወዳል። ከቀጥታው መንገድ ለማውጣት፥ ወደ ክቡ መካከል የሚስበው ኃይል ያስፈልጋል። ለሳንቃው ይህን ኃይል የሚሰጠው መንኰራኵሩ ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። ነጂውም ቀጥ ብሎ ቢቆም ወደ ውጭ ይወድቃልና፥ ወደ ክቡ መካከል ማዘንበል አለበት።

የአትሌቲክስ ሩጫ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲሮጥ፥ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ያህል ነበር። የመሮጫው ሜዳ መታጠፊያ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 36.5 ሜትር ነው። ይህ ሲሰላ፥ በመታጠፊያው ላይ ሰውነቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለው 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። 6 ዲግሪ ለዓይን የማትታይ ትንሽ ናት። በሳንቃ የሚወርድ ልጅ ግን ከዚያ የሚበልጥ ፍጥነት ይዞ፥ ከመሮጫው አሥር ጊዜ ያህል በጠበበ ቦታ መታጠፍ ይኖርበታል።

ያስፈለገው ማዘንበል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በፍጥነቱና በክቡ ስፋት። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለክቡ ሬዲየስ፥ ማለት ከመካከሉ እስከ ዳሩ ላለው ርቀት፥ ይካፈላል። ስለዚህ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን፥ በዚያው ማዘንበል ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ሬዲየስ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዝግታ ያለ ችግር የታጠፉበትን ቦታ በእጥፍ ፍጥነት ሲመጡበት፥ ቦታው ለእነርሱ ሩቡን ያህል ጠቦ ይጠብቃቸዋል።

ቁልቁለት በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ወደ ቀላል ሕግ ይመለሳል። የወራጅ ፍጥነት የሚመጣው ከወረደው ከፍታ ነው። ሰበቃና ነፋስ ምንም አላዘገዩትም ብንል፥ 1 ሜትር የወረደ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያገኛል፤ 2 ሜትር የወረደ 22.5 ኪሎ ሜትር፥ 4 ሜትር የወረደ 32 ኪሎ ሜትር ያህል። የፍጥነቱ ካሬ ከወረደው ከፍታ ጋር እኩል ስለሚያድግ፥ ሁለቱ ሒሳቦች ሲጣመሩ የመሬት ስበት መጠን ከሁለቱም ወገን ይሰረዝና ይህ ብቻ ይቀራል፦ የማዘንበሉ ታንጀንት፥ የወረደው ከፍታ እጥፍ ለሬዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ይህን በተግባር ቋንቋ እንናገረው። ሬዲየሱ የወረደው ከፍታ 2 እጅ ከሆነ፥ ነጂው 45 ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። 3 እጅ ከሆነ ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። 4 እጅ ተኩል ከሆነ ግን 24 ዲግሪ ይበቃል። ይህን የመጨረሻውን ለጀማሪ የሚሆን ልክ አድርገን ወስደነዋል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ከጎን የሚፈለገው ኃይል ከነጂው ክብደት ግማሽ አይሞላም፤ በደረቅና በንጹሕ አስፋልት ላይ ያለ ጥሩ መንኰራኵርም ያለ ጭንቅ ይሰጠዋል። እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ለወረድከው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር፥ 4 ሜትር ተኩል ሬዲየስ ያስፈልግሃል።

አሁን ይህን ሕግ ወደ መንደር መንገድ እናምጣው። ስፋቱ 7 ሜትር የሆነና መኪና የሌለበት መንገድ አለ እንበል። ልጁ ከአንዱ ዳር ጀምሮ በሌላው ዳር ፊቱን ወደ ዳገት መልሶ ለመቆም ቢፈልግ፥ ከ3.5 ሜትር የበለጠ ሬዲየስ ሊያገኝ አይችልም። 3.5 ለ4.5 ሲካፈል 78 ሳንቲሜትር ይሆናል። እንግዲህ ልጁ ከ78 ሳንቲሜትር በላይ የወረደ እንደ ሆነ፥ ያ መንገድ ለእርሱ ጠቦታል ማለት ነው። መንገዱ በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፥ 78 ሳንቲሜትር የሚሞላው 15 ሜትር ከግማሽ ያህል ሲሄድ ነው። በሚታጠፍበትም ጊዜ ጥቂት ስለሚወርድ፥ መታጠፉን በ12ኛው ሜትር ላይ መጀመር ይገባዋል።

12 ሜትር ምን ያህል አጭር እንደ ሆነች አንባቢ ያስተውል። ልጆቹ ግን ከ50ና ከ60 ሜትር በላይ ወርደው ግርጌው ሲታያቸው መታጠፍን ያስባሉ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ምሳሌ ከዚህ ይበልጥ የሚስማማበት ቦታ አይገኝም።

በሒሳቡ ላይ ሁለት ማስታወሻ መጨመር አለብን። አንደኛ፥ ሰበቃና ነፋስ በእርግጥ ስለሚያዘገዩ እውነተኛው ፍጥነት ከተባለው ያንሳል፤ ስለዚህ ሕጉ ወደ ጥንቃቄ ያጋደለ ነው። ሁለተኛ፥ በእግሩ ገፍቶ የጀመረ ልጅ ከዜሮ አልተነሣም። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገፍቶ የተነሣ 25 ሳንቲሜትር አስቀድሞ እንደ ወረደ ይቆጠራል፤ ባልነው መንገድ ላይ ይህ ከ12ቱ ሜትር 5ቱን ይበላበታል። የመኪና ኋላ ይዞ መጎተት ግን ከዚህ ሒሳብ ፈጽሞ ውጭ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ቁልቁለቱ ሳይሆን ሹፌሩ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የምንሰጠው ልክ የለንም።

ሳንቃው የሚታጠፍበት መንገድ

ከስኬትቦርዱ ሥር ከፊትና ከኋላ ትራክ የሚባሉ ሁለት ብረቶች አሉ። እያንዳንዱ ትራክ መንኰራኵሮቹን የሚሸከም ዘንግና፥ በመካከሉ በሰያፍ የቆመ ወፍራም ብሎን አለው። በብሎኑ ዙሪያ ሁለት የላስቲክ ቀለበቶች ገብተዋል። ነጂው ሳንቃውን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ላስቲኩ በቀኝ በኩል ይጨመቃል፤ ብሎኑም ሰያፍ በመሆኑ የፊተኛው ዘንግ ወደ ቀኝ፥ የኋለኛው ዘንግ ወደ ግራ ይዞራል። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ወገን ስለሚቀራረቡ ሳንቃው በቀኝ በኩል ክብ ይሠራል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። የሳንቃው ማዘንበልና የሰውነት ማዘንበል አንድ አይደሉም። የሳንቃው ማዘንበል ክቡን ይወስናል፤ የሰውነት ማዘንበል ሚዛኑን ይወስናል። በዝግታ ጊዜ ሳንቃው ብዙ ያዘነብላል፥ ሰውነት ግን ቀጥ ይላል። በፍጥነት ጊዜ በተቃራኒው ሰውነት ብዙ ያዘነብላል፥ ሳንቃው ጥቂት። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቁት ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ናቸው። ጉልበቱን እንደ በትር አድርቆ የቆመ ሰው ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው፥ ወይ በዝግታ ወደ ውስጥ ይወድቃል፥ ወይ በፍጥነት ወደ ውጭ ይወረወራል። ጉልበት አጥፍ የሚለው ምክር ለመልክ የሚሰጥ አይደለም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

የብሎኑ ዳዶ ሲጠብቅ ሳንቃው በቀላሉ አያዘነብልም፤ ሲላላ ደግሞ በጠባብ ክብ ይታጠፋል፥ በፍጥነት ጊዜ ግን ወዲያና ወዲህ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለጀማሪ የሚሻለው፥ በቆመበት ተረከዙን ሲጫን ሳንቃው የሚታዘዝለት፥ ሲለቀው ግን በራሱ የሚመለስ መጠን ነው። ሳንቃው በፍጥነት መንቀጥቀጥ ከጀመረ፥ ክብደትን ወደ ፊተኛው እግር ማምጣት እንጂ ወደ ኋላ መሸሽ አይገባም፤ መሸሽ መንቀጥቀጡን ያብሳል።

የኩሽኔታው ጋሪ ጠባዩ ሌላ ነው። ብረት በአስፋልት ላይ ስለሚንሸራተት፥ የዱሮው የካሊፎርንያ የብረት መንኰራኵር የነበረበትን ድካም ሁሉ ይዟል። ስለዚህ ለጋሪው የ4 ሜትር ተኩሉ ሕግ አይበቃም። የፊተኛው ዘንግ በአንድ ብሎን ላይ የሚዞርና በገመድ ወይም በእግር የሚመራ ቢሆንም፥ መንኰራኵሩ ካልያዘ ዘንጉ ዞሮ ጋሪው በቀጥታ ይሄዳል። ጋሪው የሚነዳበት ቁልቁለት ከስኬትቦርዱ እጅግ ያነሰ፥ ግርጌውም በሜዳ ወይም በዳገት የሚያልቅ መሆን አለበት።

የሰውነት ሥርዓት

መታጠፍ ከእግር የሚጀምር ይመስላል፤ የሚጀምረው ግን ከዓይን ነው። ዓይን ወደሚታጠፉበት መውጫ ሲዞር ራስ ይከተላል፤ ራስ ሲዞር ትከሻ፥ ትከሻ ሲዞር ወገብ፥ ወገብ ሲዞር ጉልበት፥ በመጨረሻ እግር ይታዘዛል። ዓይኑን በመንኰራኵሩ ፊት ባለው አስፋልት ላይ የተከለ ልጅ ይህ ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቀለበት ይበጠስበታል። ዓይኑን በጉድጓዱ ላይ የተከለ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

የማዕበል ነጂዎች ይህን ሥርዓት በሦስት ዓይነት መታጠፍ ይለማመዱታል። መጀመሪያው የግርጌ መታጠፍ ነው። ነጂው ከማዕበሉ ጫፍ ወርዶ ግርጌ ሲደርስ ጉልበቱን እጅግ አጥፎ፥ ዓይኑን ወደ ጫፉ አንሥቶ፥ ወደ ማዕበሉ ፊት ይመለሳል። ሁለተኛው የጫፍ መታጠፍ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ሰውነቱን ዘርግቶ ክብደቱን ካቀለለ በኋላ፥ በጫፉ ላይ ዞሮ ይወርዳል። ሦስተኛው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ቦታ ርቆ ኃይል ሲያጣ፥ በሰፊ ክብ ተመልሶ ወደ ኃይሉ ምንጭ ይሄዳል። በሦስቱም ውስጥ አንድ ምት አለ፤ ወደ መታጠፊያው ሲገቡ መታጠፍና ዝቅ ማለት፥ ከመታጠፊያው ሲወጡ መዘርጋትና ከፍ ማለት። ይህ ምት ከእስክስታ ምት የራቀ አይደለም፤ ጊዜውን ያልጠበቀ ሁሉ ከሳንቃው ጋር ይጣላል።

ይሁን እንጂ የባሕሩን ነገር ሳይለውጡ ወደ አስፋልት ማምጣት አይቻልም። የማዕበሉ ፊት እንደ ግድግዳ ዘመም ያለ ስለ ሆነ፥ ለሚታጠፈው ሰው ከጎን ድጋፍ ይሰጠዋል፤ ሲወድቅም ውኃ ይቀበለዋል። አስፋልቱ ግን በወርዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ድጋፉ ሰበቃ ብቻ ነው፤ የሚወድቅበትም ያው አስፋልት ነው። ከዚህም በላይ ዓላማው ይለያያል። የባሕሩ ሰው ኃይል ፍለጋ ይመለሳል፤ የኮልፌው ልጅ ኃይሉን ለማጥፋት ይታጠፋል። ፊቱን ከቁልቁለቱ በ60 ዲግሪ ያዞረ ሳንቃ የሚሰማው ቁልቁለት ግማሽ ብቻ ነው፤ በ90 ዲግሪ ያዞረ ምንም አይሰማውም፤ ከዚያ ያለፈ ዳገት ይወጣና በራሱ ይቆማል። እንግዲህ ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ እያጣጠፉ መውረድ ማለት፥ ቁልቁለቱን በየጊዜው እየሰበሩ በትናንሽ ደረጃ መውረድ ማለት ነው። ጭነት ያለው አህያ ገደል ሲወርድ የሚሄድበትን መንገድ ያየ ሰው ይህን ጥበብ አይቶታል።

ለነጂው አቋም ይህ ይበቃል፦ እግሮች በትከሻ ስፋት ይራራቁ፤ የፊተኛው እግር ከፊተኞቹ ብሎኖች ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን፤ ጉልበት ይታጠፍ፤ ጀርባ አይጉበጥ፤ እጆች ከወገብ በላይ ይዘርጉ። ቀኝ እግርን ማስቀደምም ግራን ማስቀደምም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነጂው በጣቶቹ በኩል መታጠፍና በተረከዙ በኩል መታጠፍ እኩል እንደማይቀሉት ይወቅ። በተረከዝ በኩል ሲታጠፍ ጀርባው ወደ ክቡ መካከል ስለሚሆን አያይም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። የሚለካውም ችሎታ በሚቀለው ወገን ሳይሆን በሚከብደው ወገን ነው፤ መንገዱ የትኛውን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ አይታወቅምና።

የመለማመጃ ሥርዓት

ከዚህ በታች ያለው ሥርዓት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ገመድ፥ ጥቂት ኖራ፥ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችና ከግንበኛ የተዋሱት ውኃ ልክ ነው። የራስ ቆብና የጉልበት መከላከያ ያለው ያድርግ፤ የራስ ቆብ የሌለው ግን ከሦስተኛው ደረጃ አይለፍ።

መጀመሪያ፥ ሳንቃው በሣር ላይ ተቀምጦ ሳይንከባለል ይቆሙበታል። በጣት፥ በተረከዝ፥ በጣት፥ በተረከዝ እየተጫኑ፥ ትከሻ ሳይናወጥ ሳንቃውን ማዘንበል ይለማመዳሉ።

ሁለተኛ፥ በሜዳማ ሲሚንቶ ላይ ምስማርና ገመድ ይዘው ሬዲየሱ 4 ሜትር ተኩል የሆነ ክብ በኖራ ይሥላሉ። በዝግታ እየገፉ ክቡን በቀኝም በግራም ይዞራሉ፤ ዓይን ሁልጊዜ የክቡን ሩብ ያህል ቀድሞ ይመለከታል። ከመስመሩ ሳይወጡ በሁለቱም ወገን ሙሉውን ክብ መዞር ሲቻል ይህ ደረጃ አለቀ።

ሦስተኛ፥ ባዶ ጠርሙሶችን በ4 ሜትር ርቀት በአንድ መስመር አቁመው በመካከላቸው እያጣጠፉ ያልፋሉ። ርቀቱን ወደ 3፥ ከዚያም ወደ 2.5 ሜትር ይቀንሳሉ። ዝቅ የማለትና የመዘርጋት ምት የሚለመደው እዚህ ነው።

አራተኛ፥ ቁልቁለት ይመርጣሉ፤ መኪና የማይገባበት፥ ግርጌው ሜዳ የሆነ። ውኃ ልኩንና 10 ሜትር ገመድ ይዘው፥ በ10 ሜትር ስንት ሳንቲሜትር እንደሚወርድ ይለካሉ። 50 ሳንቲሜትር ከሆነ ከላይ የሰጠነው የ12 ሜትር ምሳሌ ይሠራል፤ 1 ሜትር ከሆነ ግን ርቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳልና ለጀማሪ አይሆንም። ከዚያ ከመታጠፊያው 5 ሜትር ብቻ ወደ ላይ ወጥተው፥ ሳይገፉ ወርደው፥ ታጥፈው ወደ ዳገት መልሰው ይቆማሉ። በቀኝ 10 ጊዜ፥ በግራ 10 ጊዜ ሳይወድቁ ካልቆሙ በስተቀር አንድ ሜትር እንኳ አይጨምሩም።

ዝናብ በዘነበ ጊዜ፥ ጎርፍም ደለል በተወ ጊዜ፥ ሰበቃው ይቀንሳልና ሕጉ ይለወጣል። ሬዲየሱን እጥፍ አድርገን ለ1 ሜትር 9 ሜትር ብንወስድ ማዘንበሉ ወደ 12 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል፤ ይህም በዚያው መንገድ ላይ የሚወረደውን ከፍታ በግማሽ መቀነስ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በክረምት እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ትንሽ መንኰራኵር በየስንጥቁ ስለሚያዝ፥ ስለ መታጠፍ መናገርም አያስፈልግም።

መደምደሚያ

ካልነው ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር፥ መታጠፍ የሚበላሸው በመታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በተወረዱት ሜትሮች ላይ መሆኑ ነው። ዓይን፥ ጉልበትና ምት ሁሉ የሚረዱት፥ መንገዱ የሚችለውን ፍጥነት ይዞ የመጣውን ሰው ነው። ከልኩ አልፎ የመጣውን የዴል ማሩ ጀግና አስተጣጠፍ እንኳ አያድነውም።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በ2011 ዓመተ ምሕረት «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተጀመረው ልማድ አንዳንድ መንገዶች ለሰዓታት ከመኪና ነጻ ሲሆኑ ልጆች እንደ ልባቸው ሲጫወቱ አይተናል። በእንዲህ ያለ ቀን፥ ከፊዚክስና ከስፖርት ትምህርት ክፍሎች የተውጣጡ ጥቂት ተማሪዎች ውኃ ልክና ገመድ ይዘው ወደ ኮልፌ ቢወጡ፥ ልጆች የሚያዘወትሯቸውን ቁልቁለቶች ከእነዚያው ልጆች ጋር ሊለኩ ይችላሉ። በእያንዳንዱም ላይ፥ ከላይ እስከ ስንት ሜትር ተወርዶ መታጠፍ እንደሚገባ አስልተው፥ በመንገዱ ዳር አንድ ነጭ መስመር ሊያሠምሩ ይችላሉ። ታንጀንት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ የ10 ዓመት ልጅ ያ መስመር ሙሉ ሒሳቡን ይነግረዋል። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ወጪውም አንድ ጣሳ ቀለም ነው።